ከመምህሯ የተቀነሰ አምስት ነጥብ

ሊፍቱ በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መካከል ቀጥ ሲል፣ የሙያ እቅድ መምህሯ ክፍሏን ከፍታ ነበር።

ክፍል ሲባል ግድግዳና ሰሌዳ ያለው አይደለም። በስልኳ ስክሪን ላይ የተደረደሩ አርባ ሦስት ትንንሽ ጥቁር ሳጥኖች ናቸው። ኮሌጁ ይህን ትምህርት በኢንተርኔት እንዲሰጥ ከወሰነ ወዲህ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ረፋድ ላይ እነዚህን ሳጥኖች ታስተምራለች። ተማሪዎቹ ካሜራ አይከፍቱም። «ጥያቄ አለ?» ስትላቸው፣ አፋቸው ውሃ የያዘ ይመስል ዝም ነው። ግማሾቹ ስማቸውን እንኳ አልጻፉም። አንዷ ከእናቷ ስልክ ስለምትገባ ስክሪኑ ላይ የምትታየው «የእማዬ ስልክ» ተብላ ነው። አንዱ ደግሞ ራሱን «የኋላ ወንበር» ብሎ ሰይሟል፤ በኢንተርኔት ክፍል ውስጥ የኋላ ወንበር ከየት እንዳመጣ እሱ ነው የሚያውቀው።

መምህሯም ብትሆን ዓይን አፋር ናት። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ካሜራ ፊት ስትቀመጥ እጆቿን የምታደርግበት ይጠፋታል። በአንድ ነገር ላይ ግን ፈጽሞ አታፍርም፣ አታመነታምም። ሲቪ አጻጻፍ ስታስተምር ሕጓ አንድ ነው፦ «ሥራችሁን በስሙ ጥሩት።» ያጋነነ አምስት ነጥብ ይቀነስበታል፤ ልመና አይሠራም። «የእማዬ ስልክ» በአጎቷ ሱቅ የሞባይል ካርድ መሸጧን «የኮሙኒኬሽን ማናጀር» ብላ ጽፋ አምስት ነጥቧን አጥታለች። ከዳር በቀይ እንዲህ የሚል ማስታወሻ ደርሷታል፦ «ሥራሽ ለምን አሳፈረሽ?»

ያን ቀን መምህሯ ዘግይታ ነበር። ሰባተኛ ፎቅ ወዳለችው ጠባብ ቢሮዋ እየወጣች፣ «ደህና አደራችሁ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ታገሱኝ» ብላ ሳትጨርስ ሊፍቱ አንዴ ነጠረና ቆመ።

የመጥሪያውን ቁልፍ ተጫነች። ጠበቀች። ደግማ ተጫነች። ከቆይታ በኋላ ከበላይዋ በሩ ተንኳኳ።

«ማን አለ ውስጥ?» አለ የወንድ ድምፅ።

«እ... እኔ።»

«እኔ ማለት ስንት ሰው ነው?»

«አንድ።»

«ደህና። ያመመሽ ነገር አለ?»

«የለም። ግን ክፍል አለኝ።»

«ምን አለሽ?»

«ክፍል። እያስተማርኩ ነው። አሁን።»

«ሊፍት ውስጥ?» አለ ድምፁ፤ ሳቁን እንደዋጠው ያስታውቃል። ከዚያ የአምስተኛው ፎቅ በር በቁልፍ ተከፈተና፣ ከግንባሯ ትይዩ አንድ ጥንድ ጫማ ታየ። የቆዳው ጫፍ የተላጠ፣ ማሰሪያው ግን በወጉ የታሰረ። ከሰውየው መጀመሪያ ያወቀችው ያንን ነው።

«በዚህች ክፍተት ልውጣ?» አለች።

«እንዳታደርጊው! ሊፍት ውስጥ የቆየ ሰው ምንም አይሆንም፤ የሚጎዳው ለመውጣት የተጣደፈው ነው። ስሚኝ እህቴ። አሁን ጣሪያው ላይ ወዳለው ማሽን ክፍል ልወጣ ነው። ኃይሉን አጥፍቼ በእጄ እያዞርኩ ወደ አምስተኛ አስጠጋሻለሁ። በድምፅ ማጉያዋ አነጋግርሻለሁ። እኔ ሳልነግርሽ ምንም ነገር አይንቀሳቀስም። ተስማማን?»

«ተስማማን።»

«የሥራችን ሕግ ነው። ውስጥ ሰው ካለ ቀድሞ መንገር፣ ከዚያ ማንቀሳቀስ።»

በሩ ተዘጋ፤ ጫማዎቹም ሄዱ። መምህሯ ስልኳን ስታይ መልእክቱ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። «ቲቸር ደህና ነዎት?» «ሰውየው ማን ነው?» ሦስት ወር ሙሉ ፊቱን ያላሳየው «የኋላ ወንበር» ካሜራውን ከፍቷል፤ ለካ መነጽር ያለው፣ ጉንጩ ሞላ ያለ ልጅ ኖሯል። «ቲቸር፣ ሰውየውን እንዳይለቁት! ጥያቄ አለን!»

የግድግዳው ድምፅ ማጉያ ተንኮሻኮሸ። «መምህር፣ ትሰሚኛለሽ? አሁን ሊጨልምብሽ ነው። ... አጠፋሁ።» ጨለመ። «አሁን ፍሬኑን ልለቅ ነው። ትንሽ ትወዛወዢያለሽ፣ አትደንግጪ። ... ለቀቅኩ።» ተወዛወዘች፤ ግን ቀድሞ ስለነገራት አልደነገጠችም።

«ተማሪዎቼ ሊጠይቁህ ይፈልጋሉ» አለች ስልኳን ወደ ማጉያው አስጠግታ።

«የምን ተማሪዎች?»

«አርባ ሦስት ናቸው። ሁሉም እየሰሙህ ነው።»

«ኧረ በፈጠረሽ! ይሄን ቀድመሽ አትነግሪኝም?»

በመስመሩ ላይ ሳቅ ፈነዳ። መምህሯ የተማሪዎቿን ሳቅ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ከሳቁ መሀል አንዷ፣ ይህን ሥራ ለምን እንደመረጠ ጠየቀችው። እሱም ሳያቋርጥ መንኮራኩሩን እያዞረ፣ በትንፋሹ መሀል መለሰ።

«አያቴ የሚኖሩት አምስተኛ ፎቅ ነበር። ጉልበታቸው ታሞ፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ፣ ሁለት ዓመት ደጅ አልወጡም። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ የመሣሪያ ሳጥን ይዞ መጣና ሠራው። አያቴ ወርደው ሕንፃው በር ላይ ቆሙና ፀሐይ ሞቁ። ሌላ ምንም አላደረጉም፤ ቆመው ፀሐይ ሞቁ። እኔ ያን ሰውዬ መሆን ፈለግሁ። ... መምህር፣ ደርሰሻል። ወርጄ ልከፍትልሽ ነው።»

በሩ ሲከፈት እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሟል። ከድምፁ ይልቅ ወጣት ነበር። ዓይኖቹ የፈገግታውን ያህል ደፋር አልነበሩም፤ እንደ እሷው ቶሎ መሬት ይፈልጋሉ። መምህሯ ማመስገን ረሳች። እሱም መሄድ ረሳ። ስክሪኑ ላይ አርባ ሦስቱ ጥቁር ሳጥኖች፣ አንድ በአንድ፣ ፊት እያወጡ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አሰበችበት። ስልክ ቁጥሩን ከሕንፃው ጥበቃ መጠየቅ ትችል ነበር፤ ግን «ለምን ፈለግሽው?» ቢላት ምን ትመልሳለች? በመጨረሻ ዓይኗ ሊፍቱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈችው የጥገና ካርድ ላይ አረፈ። ጠጋኙ በመጣ ቁጥር ቀኑንና ፊርማውን የሚያሰፍርባት ናት። «ማስታወሻ» የሚለው ዓምድ ባዶ ነበር። መምህሯ ሰው አለመኖሩን አይታ በእርሳስ ጻፈች፦ «ተማሪዎቼ እንደገና ሊሰሙህ ይፈልጋሉ። ሰባተኛ ፎቅ።»

በሁለተኛው ቀን ከሥሩ መልስ አገኘች። «ተማሪዎችሽ ብቻ?»

ያን ዕለት መምህሯ ስለ ሥራ ቃለ መጠይቅ ስታስተምር ለምን በየመሀሉ ፈገግ እንደምትል ተማሪዎቹ አልገባቸውም።

ጠጋኙ ለክፍሉ እንግዳ ሆኖ ሲመጣ ሰባቱን ፎቅ በደረጃ ነው የወጣው።

«ደግሞ ቆመች እንዴ?» አለች ደንግጣ።

«ኧረ ደህና ናት። ድምፅዋን እየሰማሁ ልውጣ ብዬ ነው።»

ቢሮዋ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ስለሆነ እሱ በወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጠ። በካሜራው ውስጥ ለመግባት ጎን ለጎን መጠጋት ነበረባቸው። በትከሻዋና በትከሻው መካከል ስንዝር ያህል ቀረ፤ ያቺን ስንዝር ሁለቱም እንደ ብርጭቆ ተጠነቀቁላት።

«የእማዬ ስልክ» ጠየቀች። «ሰው ሥራህን ሲጠይቅህ ምን ብለህ ነው የምትመልሰው?»

«የሊፍት ጠጋኝ ነኝ እላለሁ። ታዲያ ምን ልበል?»

«ዝቅ አድርገው አያዩህም?»

«ያያሉ እንጂ» አለ። «ግን ዝቅ አድርጎ ያየኝ ሁሉ ከፍ ለማለት የሚጠብቀው እኔን ነው።»

ያን ቀን ትምህርቱ ከሰዓቱ በግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ሰዓቱን ያየ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አብረው መሄድ ጀመሩ። ከሥራ ሲወጡ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው፣ ቀጥሎም እስከሚቀጥለው ማቆሚያ፣ በኋላም አውቶቡስ የሚባል ነገር መኖሩን ረስተው። ሌላ ሰው ሲሄድ ሱቅ ያያል፣ መኪና ያያል፤ እሱ ሕንፃ ያያል።

«ያ ግራጫው ይታይሻል? የሱ ሊፍት ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ታስነጥሳለች።»

«ሊፍት ያስነጥሳል?»

«አቧራ ሲገባባት። ሰማያዊው ሕንፃ ደግሞ ሽማግሌ ነው፤ ከመነሣቱ በፊት ያቃስታል። አክብሬው ነው የምነካው።»

«እኔስ?» አለች ከየት እንዳመጣችው ባላወቀችው ድፍረት። «እኔ ምን ዓይነት ድምፅ አለኝ?»

ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ ከመናገርሽ በፊት አንዲት ትንፋሽ ትወስጃለሽ። ቀድማ የምትነግረኝ እሷ ናት። ለምጃታለሁ።»

መምህሯ እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ አልተናገረችም። ትንፋሿን ግን ሁለቱም ሰሟት።

እናቷ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ባሏ ቀድሟት ከሞተ ወዲህ ይህችን አንድ ልጅ ብቻዋን አሳድጋለች። «ልጄ የኮሌጅ መምህር ናት» ስትል፣ ቃሉን እንደ ጣፋጭ ቶሎ አትውጠውም። አክስቷ ደግሞ፣ የእናቷ ታናሽ፣ ሴት ልጇን ለሐኪም ድራለች፤ ይህንንም ሰላምታ ሳትጨርስ ታስታውሳለች። አንድ ቅዳሜ ሦስቱ ሻይ ይዘው ተቀምጠው ሳለ፣ እናቷ ልጇን አየት አድርጋ፣ «ሰሞኑን ፊትሽ በርቷል። ማን ነው?» አለቻት።

መምህሯ ቀላች። «አንድ... ጥሩ ሰው ነው እማዬ።»

«ጥሩነቱን ተዪው፣ እሱን ኋላ እናየዋለን» አለች አክስቷ። «ሥራው ምንድን ነው?»

መምህሯ ያቺን አንዲት ትንፋሽ ወሰደች። «የሊፍት ጠጋኝ» የሚሉት ሁለት ቃላት ምላሷ ጫፍ ላይ ነበሩ። የአክስቷን ከፍ ያለ ቅንድብ አየች። ቅንድቡ ላይ ሐኪሙ አማቿ ተቀምጦ ቁልቁል ያያት መሰላት።

«ኢንጂነር ነው» አለች።

«ኢንጂነር!» አለች አክስቷ፤ ቅንድቡም ወረደ። የእናቷም ፊት እንደ መስኮት ተከፈተ። መምህሯ ቃሉን መልሳ ልትውጠው ብትፈልግም፣ «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ነውና፣ ገና ሳይመሽ ያልሰማ ዘመድ አልቀረም።

ለእሱ ልትነግረው አሰበች። ዛሬ አለች፣ ነገ አለች። በየቀኑ ትንፋሽ ወስዳ በየቀኑ ስለ ሌላ ነገር አወራች። እሱም ትንፋሿን እየሰማ የሚቀጥለውን ቃል ጠበቀ።

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ለምሳ ተጠራ። ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። እጁን እንዳሸ ያስታውቃል፤ ከጥፍሮቹ ሥር ግን አንዲት ቀጭን ጥቁር የዘይት መስመር አልለቀቀችም። እናቷ ወደደችው። ሳህን ሲያቀብል፣ ሲሰማ፣ ሳይቸኩል ሲበላ አይታ ለልጇ በዓይኗ ምልክት ሰጠቻት። ነገሩ ሁሉ ደህና እየሄደ ሳለ፣ አክስቷ ከቦርሳዋ የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት አወጣች።

«እኔ እንኳ ለምሳው ብቻ አልመጣሁም፣ ኢንጂነር» አለች።

ጠጋኙ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። «ማን? እኔ?»

«ሌላ ማን አለ? ይኸውልህ፣ የምንሠራው ቤት ፕላን ነው።» ሳህኖቹን ገፋ ገፋ አድርጋ ዘረጋችው። «ይህቺን ምሰሶ ብናነሣት ሳሎኑ ይሰፋል ይላል ግንበኛው። አንተ እያትና ፈርምልን፤ ነገ ሥራ ይጀመራል።»

ጠጋኙ ፕላኑን አየ። ከዚያ መምህሯን አየ። አስተያየቱ ረዥም አልነበረም፤ ግን ለሁለት ሳምንት የጠበቀውን ቃል በዚያች ቅጽበት አገኘው። እሷ ትንፋሽ ወሰደች። ከትንፋሹ በኋላ የመጣ ቃል አልነበረም።

«እናቴ፣» አለ ወደ አክስቷ ዞሮ፣ በትሕትና፣ «ምሰሶዋን አይንኳት። ይህን የምልዎት ግን እንደ ኢንጂነር አይደለም። እኔ የሊፍት ጠጋኝ ነኝ። ለፕላኑ ባለሙያውን ያማክሩ፤ በእኔ ፊርማ የሰፋ ሳሎን እላይዎ ላይ ነው የሚያርፈው።»

አክስቷ ፕላኗን ወደ ራሷ ሳበች። እሱ ግን ሳህኑን ጨረሰ፤ ተነሥቶ እናቷን ስለ ምሳው አመሰገነ፤ ለአክስቷም እጅ ነሥቶ ወጣ። መምህሯ ደረጃው ላይ ደረሰችበት።

«ልነግርህ ነበር» አለች።

«መቼ?»

መምህሯ የደረጃውን መደገፊያ ያዘች።

«እኔ ሥራዬ ምን እንደሆነ ለአርባ ሦስት ሰው ከጎንሽ ተቀምጬ ተናግሬያለሁ» አለ፣ ሳይቆጣ። «ስትቀይሪው ቀድመሽ አልነገርሽኝም። ሰው ውስጥ እያለ፣ ሳትነግሪው ማንቀሳቀስ... በእኛ ሙያ ከዚህ የከፋ ጥፋት የለም።»

«አላፈርኩብህም እኮ...»

«አፍረሽብኛል። እሱስ ይሁን፣ ሰው ነሽ።» ወደ ታች አንድ ደረጃ ወረደ። «የሰው ወርቅ አያደምቅም መምህር። እኔ ደግሞ የራሴ አለኝ፤ ወርቅ ባይሆንም አልጥለውም።»

የእግሩን ድምፅ እስከ ምድር ቤት ሰማችው። ሳይሮጥ፣ ሳይቆም ወረደ።

ስትመለስ እናቷ ሳህን ታጥባለች። አክስቷ ፕላኗን ጠቅልላ ሄዳለች።

«እማዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እንዳላሳፍርሽ ብዬ...»

እናቷ ውሃውን ዘጋች። «አንቺን ያሳደግኩት በምንድን ነው?»

«በ... በሥራሽ።»

«በየትኛው ሥራ? የሰው ቁስል አጥቤ ነው። ሠላሳ ዓመት በዚህ እጅ።» እርጥብ እጇን ዘረጋችላት። «ታዲያ ጥፍሩን ዘይት የነካው ሰው እኔን የሚያሳፍረኝ መሰለሽ? ልጄ፣ የናቅሽው እሱን አይደለም፤ እኔን ነው።» ውሃውን ከፈተች። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠቻት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረች፦ «ደግሞ ሳህኑን ጨርሶ ነው የሄደው። እንዲህ ያለ ሰው ተቆጥቶ እንኳ ወግ አለው።»

በማግሥቱ መምህሯ ሊፍቱ ውስጥ ባለችው ካርድ ላይ «ይቅርታ» ብላ ጻፈች። በሳምንቱ ሊፍቱ ሲጠገን ቀንና ፊርማ ብቻ ሰፈረ። መልስ የለም። ቃሏን ግን አልደመሰሰውም፤ ፊርማውን ከሥሯ ሳይሆን ከጎኗ ነበር ያኖረው። እሷ ያንን ቦታ ደጋግማ አየች። ከዚያ ምንም እንዳታነብበት ራሷን ከለከለች።

የትምህርቱ ማብቂያ ደረሰ። ተማሪዎቹ የታረመውን ሲቪ እንደገና አስገቡ። «የእማዬ ስልክ» እንዲህ ጽፋለች፦ «በአጎቴ ሱቅ የሞባይል ካርድ ሻጭ። በቀን ሰማንያ ያህል ሰው አስተናግዳለሁ፤ የብዙዎቹን ስም አውቃለሁ።» ከግርጌው ደግሞ፦ «ቲቸር፣ ለምን አሳፈረሽ ብለውኝ ነበር። ያን ሰውዬ ከሰማሁ በኋላ አላፈርኩም።»

መምህሯ የራሷን ቀይ ማስታወሻ ፈልጋ አነበበች። «ሥራሽ ለምን አሳፈረሽ?» ለሌላ ሰው የጻፈችው ጥያቄ፣ አድራሻውን ጠይቆ ጠይቆ፣ ወደ ጻፈችው ተመለሰ። ከዚያ በፊት አልቅሳ ነበር፤ ያን ዕለት ግን አላለቀሰችም። ማድረግ ያለባትን አወቀች።

በመጨረሻው ቀን ቤተሰብ ተጋብዞ ነበር። ልጆቹ እቅዳቸውን ሲያቀርቡ ወላጆች ገብተው እንዲያዩ ይፈቀዳል። ስክሪኑ ጠበበ፤ አባቶች፣ እናቶች፣ አንድ የሚያለቅስ ሕፃን። በአንደኛው ጥግ እናቷ፣ ካሜራውን በጣም አስጠግታ፣ ግንባሯ ብቻ ይታያል። ከጎኗ የአክስቷ ቅንድብ። ከሥር ደግሞ ማንም ያላስተዋለው አንድ ጥቁር ሳጥን ነበር። ስሙ «ማሽን ክፍል» ይላል። መምህሯ ስታየው ማን እንደሆነ ወዲያው አወቀች። ማን እንደጋበዘው ኋላ ነው የሰማችው፤ የኋላ ወንበሩ ልጅ ነው፣ ጥበቃውን ለምኖ ቁጥሩን አግኝቶ።

ልጆቹ አንድ በአንድ አቀረቡ። አንዱ የእንስሳት ሐኪም፣ አንዷ የዳቦ ጋጋሪ፣ አንዱ ገና የማያውቅ፤ አለማወቁንም በግልጽ የጻፈ። ለእሱ ሙሉ ነጥብ ሰጠችው። ሲያበቃ የኋላ ወንበሩ ልጅ፣ «ቲቸር፣ እርስዎስ? የእርስዎን ሲቪ አይተን አናውቅም!» አለ።

እሷም ይህንን እየጠበቀች ነበር። ትንፋሽ ወሰደች። በዚህኛው ጊዜ ግን ከትንፋሹ በኋላ ቃል መጣ።

«የእኔን ከማሳየቴ በፊት እርማት አለኝ» አለች። «አንድ ሰው አለ። እወደዋለሁ። ቤተሰቤ ሥራውን ሲጠይቁኝ አጋንኜ ነገርኳቸው። እናንተ እንዲህ ስታደርጉ ምን እንደማደርግ ታውቃላችሁ። ስለዚህ፣» አለችና የራሷን ስም ስክሪኑ ላይ ጻፈች፣ ከጎኑም በቀይ «-5»፤ ከቁጥሩም ሥር ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። «ከመምህሯ አምስት ነጥብ ተቀንሷል። እርማቱም ይህ ነው። የምወደው ሰው የሊፍት ጠጋኝ ነው። ሰው ሲጨንቀው ቀድሞ የሚነግር፣ ከዚያ የሚያንቀሳቅስ። በእሱ እኮራለሁ። ይህን በቤተሰቤና በእናንተ ፊት ለመናገር ሦስት ሳምንት ዘግይቻለሁ፤ ለመዘግየቱም ቀንሱብኝ።»

ሰባ ያህል ሰው ወደየስክሪኑ ተጠጋ። ሕፃኑ እንኳ።

ከዚያ የእናቷ ድምፅ፣ ማይክሮፎኑን መዝጋት ስለማታውቅበት፣ ሁሉም እየሰማ መጣ። «ይኸውልሽ! ይህችን ነው የወለድኩት!» አለች ለእህቷ። የአክስቷም ድምፅ ተከተለ፦ «እሺ አትጩሂ። እኔ የምለው... የእኛም ሊፍት ከቆመ አራት ወሩ ነው፤ ያ ልጅ አያይልንም?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ መምህሯ ከሥር ያለውን ሳጥን ፈለገችው። አልነበረም። «ማሽን ክፍል» ወጥቷል።

ክፍሉን ዘግታ ወደ ሊፍቱ ሄደች። ቁልፉን ተጫነች፤ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ሰማችው። በሩ ሲከፈት ጠጋኙ የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ ስልኩ በእጁ ነው።

«ሊፍቷ ምን ሆነች?» አለች፤ ሌላ የምትለው ስለጠፋት።

«እሷ ደህና ናት። እኔ ነኝ መሥራት ያቆምኩት።» ተነሣ። «አርባ ሦስት ተማሪ ፊት...»

«ቤተሰብ ሲጨመር ሰባ።»

«ቀድመሽ ልትነግሪኝ ይገባ ነበር» አለ፤ ዓይኑ ግን ይስቅ ነበር።

ገባች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ማንም የትኛውንም ፎቅ አልተጫነም። ካርዷ ግድግዳው ላይ አለች፤ «ይቅርታ» ከሚለው ቃልና ከፊርማው መካከል፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ አንድ ቃል ተጨምሮበታል፦ «ተጠግኗል።»

መምህሯ አነበበችው። ከዚያ ያቺን ትንፋሽ ወሰደች።

«አሁን የምነግርህ ነገር አለ» አለች።

«እሺ።»

«እጅህን ልይዝ ነው። አትደንግጥ።»

«ዘይት አለው እኮ።»

«አይቼዋለሁ» አለችና ያዘችው።

በዓመቱ ሲጋቡ፣ በጥሪ ወረቀቱ ላይ ከሙሽሮቹ ስም ሥር ሥራቸው ተጽፎ ነበር። እንዲጻፍ ያዘዘችው እናቷ ናት። «የሊፍት ጠጋኝ» የሚለው ከሌላው ፊደል ጎላ ያለው በማን ትእዛዝ እንደሆነ ግን ማተሚያ ቤቱም አልተናገረም፣ እናትም አላመነችም። አክስቷ፣ ምሰሶዋ ባልተነካችበት ሳሎኗ፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «አማቻችን ሊፍታችንን በአንድ ቀን ነው ያስነሣት» እያለች ነበር የከረመችው።

የኋላ ወንበሩ ልጅ በዕለቱ መጥቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እንኳን ደስ ያለዎት ካለ በኋላ ጠጋ ብሎ ጠየቃት።

«ቲቸር፣ ያቺ አምስት ነጥብ ተመለሰችልዎት?»

መምህሯ ከአጠገቧ የተቀመጠውን ሰው አየች፤ ቀጥሎም እጁን፣ ከጥፍሩ ሥር ያለችውን ቀጭን ጥቁር መስመር።

«አልተመለሰችም» አለች፣ በኩራት። «እንድትመለስልኝም አልጠየቅሁም።»